ጤና አዳሙንም ለሐኪምዎ ይንገሩ

ወደ ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ሲመጡ ነርስ ከምትጠይቅዎት የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» የሚለው ነው። እናቶችና አባቶች ፌስታላቸውን ፈትተው የደም ግፊቱን፣ የስኳሩን፣ የኮሌስትሮሉን ክኒን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራሉ። «ሌላስ?» ስንላቸው «ሌላ የለም ልጄ» ይላሉ። አልዋሹም። ጠዋት በቡና የጠጡት ጤና አዳም፣ ማታ ጉልበታቸው ላይ ያሰሩት ነጭ ሽንኩርት፣ በስልክ የገዙት የእርድ እንክብል ነርስ ፊት የሚቆጠር መድኃኒት አይመስላቸውም።

አንዳንዶች ደግሞ እያወቁ ዝም ይላሉ። አገር ቤት መድኃኒት አዋቂ የቅጠሉን ስም ለሌላ ሰው አይናገርም፤ ስሙ ከወጣ ኃይሉ ይጠፋል ይባላል። ያ ልማድ እዚህም አብሮን መጥቷል። ከዚያ ሌላ ቁጣን መፍራት አለ። ሐኪሙ «ይኼን ጣሉት» ይለኛል ብለው ይሰጋሉ። እንዲህ የሚል ሐኪምም አይጠፋም፤ እኔ ግን ልክ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ የተቆጡት ሰው ሁለተኛ አይናገርም፤ ቅጠሉን ግን መጠጣቱን አያቆምም።

እኔም የምጽፈው ቅጠሉን ለማስጣል አይደለም። ከምናውቃቸው ዕፅዋት መካከል ሕመምን በእውነት የሚያስታግሱ አሉ። ከክኒን ጋር ተጣልተው ሰው የሚያደሙም አሉ። ኪስ ከማራቆት በቀር ምንም የማይሠሩም አሉ። የትኛው የት እንደሚወድቅ ማወቅ የሚቻለው ግን ስማቸው ሲነገር ነው።

ከአኻያ ቅርፊት የመጣው ክኒን

ሕመም ማስታገሻ ከዛፍ ይገኛል ማለት ተረት አይደለም። በሱኮት ከሉላቭና ከኤትሮግ ጋር የሚያዘው አረባ በአማርኛው ኦሪት አኻያ የሚባለው ዛፍ ነው። የአኻያ ቅርፊት ለትኩሳትና ለሕመም ከጥንት ጀምሮ ሲቀቀልና ሲጠጣ ኖሯል። በ1897 በጀርመኑ የባየር ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ፊሊክስ ሆፍማን በቅርፊቱ ውስጥ ካለው ንጥረ ነገር ጋር የሚዛመድ መድኃኒት አዘጋጀ፤ ከ1899 ጀምሮም አስፕሪን ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ዛሬ ልባቸውን የታመሙ አባቶች በየቀኑ የሚወስዷት ትንሽ ክኒን፣ ሚክሮፒሪን ወይም ካርቲያ የምትባለው፣ እሷው አስፕሪን ናት።

ስለዚህ አንድ ሰው ቤት ቴቫ ገብቶ «የአኻያ ቅርፊት» የሚል እንክብል ሲገዛ የአስፕሪንን ዘመድ ገዛ ማለት ነው። አስፕሪን የማይስማማው፣ የጨጓራ ቁስለት ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ይኼ ተፈጥሮ ነው» ብሎ ሊወስደው አይገባም።

በርበሬም እንዲሁ ነው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ቆዳ ላይ ደጋግመው ሲቀቡት መጀመሪያ ይለበልባል፤ እየቆየ ግን ሕመሙን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ እየደከመ ይሄዳል። ዴቪድ ጁሊየስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ የበርበሬ ማቃጠል በነርቭ ላይ በየትኛው በር እንደሚገባ በማግኘቱ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የካፕሳይሲን ቅባት ለጉልበት መገጣጠሚያ ሕመምና ለነርቭ ሕመም በሐኪም የሚታዘዝ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ለውጡ የሚታየው ግን ለሳምንታት በየቀኑ ሲቀቡት ነው። የወጡን በርበሬ በቅቤ ለውሶ ጉልበት ላይ መለጠፍ ሌላ ነገር ነው። መጠኑ አይታወቅም፣ ቆዳ ያቆስላል፣ በዚያው እጅ ዓይን የተነካ እንደሆነ ደግሞ ሌላ መዘዝ ነው።

ጤና አዳምና ዳማከሴ

ጤና አዳም የሌለበት የእኛ ሰው በረንዳ ጥቂት ነው። በአሮጌ ቀለም ቆርቆሮ ሳይቀር ይበቅላል። ከሞሮኮ፣ ከቱኒዝያና ከሊቢያ የመጡ ጎረቤቶቻችንም ሩዳ ብለው ያውቁታል። ለሆድ ቁርጠት፣ ለራስ ምታት፣ ለብርድ የማይነገርለት የለም። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ሕመምንና እብጠትን እንደሚቀንስ ታይቷል። በሰው ላይ የተደረገው ግን ጥቂት ነው።

ከቡና ጋር የሚቀርብ አንድ ዘለላ ጤነኛ ሰው ላይ ችግር አያመጣም፤ ተዉት የሚላችሁ ነርስ ካለች እኔ አይደለሁም። ችግሩ የሚጀምረው ብዙ ቅጠል ተቀቅሎ በብርጭቆ ሲጠጣ፣ ወይም ተጨምቆ ጭማቂው ሲወሰድ ነው። በብዛት የተወሰደ ጤና አዳም ጨጓራን ይጎዳል፣ ጉበትንና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ማሕፀንን ስለሚያኮማትር ነፍሰ ጡር ሴት በምንም መልክ መጠጣት የለባትም። ይህን አያቶች ያውቁታል፤ እዚህ ያደጉ ልጆቻቸው ግን ስለማያውቁ ልጅቱ ከማርገዟ በፊት ቢነግሯት ጥሩ ነው።

ጥቂት ሰው የሚያውቀው ደግሞ የፀሐዩን ነገር ነው። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ያቃጥላል። ቶሎ አይታይም፤ በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲድን ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። በሐምሌና በነሐሴ የእስራኤል ፀሐይ ቅጠሉን ግንባሩ ላይ አሽቶ የወጣ ሰው፣ ወይም እኩለ ቀን ላይ በባዶ እጁ የከረከመ ሰው «አለርጂ ያዘኝ» ብሎ ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማታ መቁረጥ፣ ጓንት ማድረግ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ።

ዳማከሴ የምች መድኃኒት ነው። የበሶብላ የቅርብ ዘመድ ሲሆን ኢትዮጵያ ውስጥ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ሞክረውት ትኩሳት እንደሚያበርድ አይተዋል። ራሱን ያመመው አዋቂ ሰው ቅጠሉን ቢያሸትተው ወይም ቢታሽበት አልከለክልም። ለሕፃናት ግን አይሆንም። ቅጠል ጨምቆ በሕፃን አፍንጫ ማንጠባጠብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ዕድሜው ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ምች ይሁን ሌላ በቤት አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ማየት አለበት።

ዝንጅብል፣ እርድ፣ ቅርንፉድ

ዝንጅብልና እርድ ለጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም በሰው ላይ በደንብ ተሞክረዋል፤ መጠነኛ ማስታገስም ታይቶባቸዋል። መጠነኛ የምለው ሕመሙ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፣ ያለቀውም ጉልበት አይታደስም ለማለት ነው። ዝንጅብል ለወር አበባ ቁርጠትም ይረዳል፤ ልጃገረዶቻችን ሊሞክሩት የሚችሉት ነገር ነው። በወጥና በሻይ የሚገባው መጠን ለብዙ ሰው አይጎዳም። ዱቄቱን እንደ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በቀን ከ4 ግራም እንዳያልፍ ይመከራል።

የእርድ እንክብል ከወጡ እርድ የተለየ ነው። በእንክብሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር በጣም የተጠናከረ ሲሆን ወደ ደም በብዛት እንዲገባ ብዙ ጊዜ ቁንዶ በርበሬ ይጨመርበታል። በዚህ ዓይነት እንክብል ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። እንክብሉን እየወሰዱ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ምግብ ካስጠላዎት ወዲያው አቁመው ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ቅርንፉድ ለጥርስ ይሠራል። ዩጂኖል የሚባለውን ዘይቱን የጥርስ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። ሌሊት ላመመው ሰው አንድ ቅርንፉድ በጥርሱ ይዞ ማደር ጥሩ ዘዴ ነው። ንጹሑ የቅርንፉድ ዘይት ግን ድድ ያቃጥላል፤ ሕፃን ከጠጣው ደግሞ መርዝ ነው። የሚያሳዝነኝ ቅርንፉድ እያኘኩ ወራት የሚያሳልፉ ሽማግሌዎችን ማየት ነው። ከ72 ዓመት በላይ የሆነ ሰው የጥርስ ሕክምና በሳል ብሪኡት ተካቶለታል፤ ጥቂት ክፍያ ከፍሎ በኩፓት ሆሊሙ ይታከማል። ልጆችም እስከ 18 ዓመታቸው ድረስ መብት አላቸው።

ስለ ፌጦ ብዙ አልልም። ሆድ የሚያሞቅ ይመስላል፤ የቆሰለ ጨጓራን ግን ያባብሳል።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ ለወላጆቹ የሚያነብላቸው ልጅ ካለ ይህን ያንብብላቸው።

ኩማዲን፣ ኤሊክዊስ፣ ዛሬልቶ የሚባሉት መድኃኒቶች ሜዳሌል ዳም ናቸው፤ ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ። የልብ ምታቸው የተዛባ፣ እግራቸው ወይም ሳንባቸው ውስጥ ደም የረጋባቸው ሰዎች ይወስዷቸዋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ በብዛት ሲወሰዱ እነሱም በበኩላቸው ደም እንዳይረጋ ይረዳሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ደም ከሚፈለገው በላይ ይቀጥናል። ሰውየው ወድቆ ራሱን ሲመታ፣ ወይም ጨጓራው ሲቆስል ደሙ አልቆም ይላል።

ኩማዲን ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለዚህ ነው በየጊዜው ኢ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ የሚደረገው። ቁጥሩ ድንገት ሲወጣ ወይም ሲወርድ ሐኪሙ ያለው መንገድ የክኒኑን መጠን መቀየር ነው። የቁጥሩ መናወጥ ምክንያት ከሁለት ሳምንት በፊት የተጀመረ የነጭ ሽንኩርት እንክብል ከሆነና ሐኪሙ ካላወቀ፣ ክኒኑን ይቀንሳል፤ ሰውየው እንክብሉን ሲተው ደግሞ ደሙ ይረጋል። በማናቸውም በኩል አደጋ ነው። የጎመን ነገርም ይኸው ነው። በጎመን ውስጥ ያለው ቪታሚን ኬ ኩማዲንን ያደክማል። ይህ ማለት ጎመን አይበላም ማለት አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚበላው መጠን እኩል ይሁን ማለት ነው።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ድድ ወይም አፍንጫ መድማቱን ካላቆመ፣ ሳይመታ ሰውነት ላይ ሰማያዊ ምልክት ከወጣ አይጠብቁ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሜዳሌል ዳም የሚወስድ ከሆነ ደህና ነኝ ቢልም ሆስፒታል ይሂድ። ቀዶ ሕክምና ወይም ጥርስ መነቀል የተቀጠረለት ሰው ደግሞ የሚወስደውን ቅጠልና እንክብል ሁሉ ቀደም ብሎ ለሐኪሙና ለማደንዘዣ ሐኪሙ ይንገር፤ መቼ እንደሚያቆም እነሱ ይወስናሉ።

ሌሎችም የሚጣሉ አሉ፤ አጭር አደርገዋለሁ። አብሽ በብዛት ሲጠጣ ስኳር ያወርዳል፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድበት ይችላል። ሹሽ የሚባለው ጣፋጭ ሥር ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ሃይፐሪኩም የሚባለው ተክል ኩማዲንን፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንንና ሌሎች ብዙ መድኃኒቶችን ያዳክማል።

የስኳር ሕመምተኛ እግር

ስኳር ያለባቸው እናቶች ማታ ማታ «እግሬን እሳት ይለበልበኛል፣ ጉንዳን ይሄድበታል» ይላሉ። ይህ ከነርቭ የሚመጣ ሕመም ነው። ሕመሙን ለማብረድ እግርን ቅጠል በተቀቀለበት ሙቅ ውሃ መንከር፣ የተጨፈለቀ ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ማሰር የተለመደ ነው። ክፉው ነገር ያው ነርቭ ሙቀትንና ማቃጠልን በትክክል የማይሰማ መሆኑ ነው። ውሃው ቆዳ ሲልጥ አይታወቃቸውም። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ለሰዓታት ቆዳ ላይ ከቆየ ጤነኛ ሰውን እንኳ ውሃ ያስቋጥራል። ስኳር ያለበት ሰው እግር ላይ ትንሽ ቁስል ለመዳን ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ አንዳንዱም ጣት እስከ መቁረጥ ያደርሳል።

ለዚህ ሕመም በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች አሉ። እግርዎን መንከር ከወደዱ የውሃውን ሙቀት በክርንዎ ይለኩት፣ ወይም ስኳር የሌለበት ሰው እጁን ይክተትበት። ከዚያ በጣቶችዎ መካከል ሳይቀር ያድርቁ። ወደ ክሊኒክ ሲመጡም ነርሷን «እግሬን እዪልኝ» ይበሏት፤ ጫማ ማስወለቅ ሥራዋ ነው፣ አይፈሩ።

በስልክ የሚሸጠው ጠርሙስ

እስካሁን ያነሳሁት እናቶች በእጃቸው የሚያበቅሉትንና በዓይናቸው የሚያውቁትን ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ በሚያምር ጠርሙስ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ተብሎ በብዙ መቶ ሼቄል የሚሸጠው ነው። ሻጩ በስልክ ይደውላል፤ አንዳንዴም በአማርኛ «እናቴ» እያለ ያነጋግራል። ጉልበትዎን ይፈውሰዋል ይላል።

በእስራኤል ሕግ እንዲህ ያለው እንክብል የሚቆጠረው እንደ ምግብ ተጨማሪ ነው፤ ቶሴፍ ተዙና ይባላል። መድኃኒት የሚያልፍበትን ፈተና አላለፈም። ምግብን ይፈውሳል ብሎ ማስተዋወቅም በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ «ይፈውሳል» ያለ ሻጭ ገና አፉን ሲከፍት ሕግ ጥሷል።

በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን አርትሪ ኪንግ ስለሚባሉ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሸጡ እንክብሎች ደጋግሞ አስጠንቅቆ ነበር። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የተፈጥሮ ነገር ነበር። ሲመረመር ግን ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን ተገኘበት። ዲክሎፌናክ በእኛ ፋርማሲ ቮልታረን ተብሎ የሚሸጠው ነው፤ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው፤ ስኳር ሽቅብ ይሰቅላል፤ ለረዥም ጊዜ የወሰደው ሰው በድንገት ሲያቆመውም ሰውነቱ ሊወድቅ ይችላል። ሰዎቹ ቅጠል የበሉ መስሏቸው ይህን ሁሉ ሳያውቁ ይውጡ ነበር።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ለአሥር ዓመት ያሠቃየ ጉልበት በተፈጥሮ እንክብል በሁለት ቀን ከዳነ እደነግጣለሁ እንጂ ደስ አይለኝም። እውነተኛ ቅጠል በሁለት ቀን እንዲህ አያደርግም። እንዲህ ያለ እንክብል ለሳምንታት ከወሰዱ በራስዎ ከማቆምዎ በፊት ጠርሙሱን ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ይህን ይወቁ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ ማንኛውም ሰው በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይችላል። ዕድሜው 65 የሞላ ሰው፣ አካል ጉዳተኛ፣ ወይም ወደ አገር ከገባ 5 ዓመት ያልሞላው አዲስ ዖሌ ግን ግዢው ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተደረገ ከሆነ አራት ወር ጊዜ አለው። ሻጩ ሊቀንስ የሚችለው የስረዛ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ትንሹን ነው። የቀረውን በ14 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ስረዛውን በስልክ ብቻ አይተዉት፤ ማስረጃ እንዲኖርዎ በኢሜይል ወይም በመልእክት ስምዎንና የመታወቂያ ቁጥርዎን ጽፈው ይላኩ። ጠርሙሱን ባይከፍቱት ክርክሩ ይቀላል። ደግመው እንዳይደውሉልዎ ከፈለጉ ከጥር 2023 ጀምሮ «አል ቲትካሽሩ ኤላይ» የሚባል የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን መዝገብ አለ። ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ስልክ ቁጥርዎን በኢንተርኔት ያስመዝግብልዎ።

ወገብዎን ሥራ ላይ ከሆነ ያመመዎት

በጽዳት፣ በወጥ ቤት፣ ሽማግሌ በመንከባከብ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ እናቶች ወገባቸውንና ትከሻቸውን ሲያማቸው ማታ በቅቤና በቅጠል ይታሹና ጠዋት ወደ ሥራ ይመለሳሉ። መታሸቱ ይጠቅማል፤ ሙቀትና የሰው እጅ ጡንቻን ያፍታታል። ነገር ግን ሐኪም ጋ ያልተነገረ ሕመም በሕክምና መዝገብ ላይ የለም። ከዓመት በኋላ መሥራት ሲያቅታቸውና ቢቱአህ ሌኡሚን ሲጠይቁ «ያኔ ሐኪም አይተሻል?» ይባላሉ፤ የሚያሳዩት ወረቀት የላቸውም።

ባልዲ ሲያነሱ ወይም ሕመምተኛ ሲያገላብጡ ወገብዎ ከተቀጨ በዚያው ቀን ለአሠሪዎ ይንገሩ፤ ቅጽ 250 እንዲሞላልዎም ይጠይቁ። ቅጹን ይዘው ኩፓት ሆሊም ሲሄዱ ሕክምናውን በሥራ ጉዳት ያገኛሉ። ለሐኪሙ «ወገቤን አመመኝ» ብቻ አይበሉ፤ ምን ሲሠሩ፣ በስንት ሰዓት፣ የት እንደሆነ ይናገሩ፤ እሱም ይጻፈው። የመጀመሪያዋ ወረቀት ብዙ ጊዜ ዋናዋ ናት። የደመና ካሣው፣ ድሜ ፕጊያ የሚባለው፣ የሚጠየቀው በቅጽ 211 ሲሆን ጥያቄው በ12 ወር ውስጥ መግባት አለበት። እስከ 91 ቀን ድረስ ከገቢዎ 75 በመቶ ይከፈላል። የቢቱአህ ሌኡሚ ስልክ ኮከብ 6050 ነው።

ሕመሙ ከሥራ ጋር ባይያያዝም ሐኪም የሚሰጠው የሕመም ፈቃድ ዋጋ አለው። የተሻለ የሥራ ስምምነት ከሌለ የመጀመሪያው ቀን አይከፈልም፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግማሽ ይከፈላል፣ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሙሉ ነው። ቅጠል ታሽቶ በራስ ፈቃድ ቤት መቅረት ግን ምንም አያስከፍልም።

በቅጠል የማይጠበቅ ሕመም

ደረት የሚጫን ሕመም፣ በተለይ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ከሆነ፣ አንድ ወገን ፊት ወይም እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ዝንጅብል አይፈላም፤ 101 ይደወላል። በሕይወትዎ አይተውት የማያውቁት ድንገተኛ ራስ ምታት፣ ከትኩሳት ጋር የአንገት መድረቅ፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሆድ፣ ከወገብ ሕመም ጋር እግር መዛል ወይም ሽንት አለመቆጣጠር እንዲሁ ናቸው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና ክብደት የሚያስቀንስ ሕመም ደግሞ የአምቡላንስ ባይሆንም በዚያው ሳምንት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ልጅ የቅርንፉድ ዘይት ወይም ምን እንደሆነ ያልታወቀ ቅጠል ከበላ፣ በሃይፋ ራምባም ሆስፒታል ያለው የመርዝ መረጃ ማዕከል በ04-7771900 ሌትም ቀንም መልስ ይሰጣል።

ስሙን በዕብራይስጥ

ሐኪሙ ጋ ሲገቡ የሚያስተረጉም ሰው ቢፈልጉ ይጠይቁ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለሕመምተኛው በቋንቋ ተደራሽ መሆን አለባቸው። የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ ስለ አያቱ ሽንትና ደም እንዲያስተረጉም ማድረግ ለሁለቱም ከባድ ነው። ሐኪሙ ጊዜ ከሌለው የፋርማሲ ባለሙያዋ አለች፤ ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ክፍያ ክኒንዎንና ቅጠልዎን ጎን ለጎን አድርጋ ታይልዎታለች።

ለማስታወስ እንዲመች ይህን ቆርጠው ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉት። ጤና አዳም ሩዳ ነው። ዝንጅብል ጂንጄር፣ እርድ ኩርኩም፣ ነጭ ሽንኩርት ሹም፣ ቅርንፉድ ጺፖሬን፣ አብሽ ሒልባ፣ ጥቁር አዝሙድ ኬጻህ፣ ፌጦ ሻሃላይም ይባላል። ዳማከሴን ግን እዚህ አገር በስም የሚያውቀው ሐኪም ስለማይገኝ ቅጠሉን በፌስታል ይዘውልን ይምጡ።